ነባሩ በረኛ ወይስ ወጣቱ? ስንመርጥ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎንደር ላይ ስለ በረኛ አስተያየት የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል። ፋሲል ከነማ ጎል ሲቆጠርበት አጥቂው ስንት ኳስ እንዳባከነ የሚያስታውስ የለም። ፒያሳ ማኪያቶ የያዘውም፣ አዘዞ ባጃጅ የሚነዳውም ፍርዱ አንድ ነው፦ "በረኛው ነው!" ክርክሩ የሚጦፈው ደግሞ ቡድኑ ሁለት በረኛ ሲኖረው ነው። አንዱ ስም ያለው ነባር፣ ሌላው ገና ብቅ ያለ ወጣት። ማን ይቁም?

ጥያቄው የትልልቅ ክለቦች ብቻ አይደለም። የሰፈር ቡድን ወይም የታዳጊ ፕሮጀክት የሚያሠለጥን ሁሉ ይገጥመዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን ነገሩን እንደ ዘውድ መጫን ማየታችን ነው። አንዱን ካነገሥን ሌላው ያለቀለት ይመስለናል። በደንብ የሚሠሩ ቡድኖች ግን ለሁለቱም ሥራ ይሰጣሉ። የአንዱ ሥራ ዛሬ ነው፣ የሌላው ነገ። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ምሳሌዎቼን ከእግር ኳስ ብቻ አላመጣም። የበረዶ ሆኪም እጠቅሳለሁ። እኛ በረዶ የምናውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው። እነሱ ግን በመንሸራተቻ ጫማ ይሮጡበታል፤ ፓክ የምትባል ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ እየመቱ ይጫወቱበታል። ኤንኤችኤል በሚባለው የሰሜን አሜሪካ ሊግ አንድ ቡድን ለረጅም ዓመታት በአንድ የውድድር ዘመን 82 ጨዋታ ሲያደርግ ኖሯል። ይህን ሁሉ አንድ በረኛ አይችለውም። ስለዚህ ሁለት በረኛ ይያዛል፤ ማን መቼ ይቁም የሚለውም በየሳምንቱ ይወሰናል። ስህተቱም በአደባባይ ይሠራል። ከዚህ የተሻለ መማሪያ የለም። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመቶች የፈረንጆቹ ናቸው።)

እድሜውን አይቶ መፍረድ

"እሱ እኮ አርጅቷል" ቶሎ ከአፍ የሚወጣ ፍርድ ነው። የቦስተን ሆኪ ቡድን በረኛ የነበረውን ቲም ቶማስን እንውሰድ። በ2009/10 የውድድር ዘመን ቦታውን ቱካ ራስክ ለሚባል ወጣት ፊንላንዳዊ አስረክቦ ነበር። ሰው ሁሉ አበቃለት አለ። በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። በ2011 በ37 ዓመቱ ቦስተንን የስታንሊ ካፕ፣ ማለትም የኤንኤችኤል ዋንጫ፣ ሻምፒዮን አደረገ፤ የጥሎ ማለፉ ኮከብም እሱ ሆነ። ራስክም የትም አልሄደም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያንኑ ቡድን ለፍጻሜ አበቃ። ሁለቱም ሥራ ነበራቸው ማለት ይህ ነው።

በእግር ኳስ የግብፁ ኤሳም ኤል ሃዳሪ በ2018 የዓለም ዋንጫ ሲሰለፍ 45 ዓመቱ ነበር። በዚያ እድሜው ከሳዑዲ አረቢያ ጋር ፔናሊቲ አዳነ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ቡፎን በ17 ዓመቱ ለፓርማ ሚላንን ገጥሞ ጎል አላስቆጠረም። ዶናሩማ ለኤሲ ሚላን ሲቆም ገና 16 ዓመቱ ነበር። ዶናሩማ ያስነሣው ነባር በረኛ ዲዬጎ ሎፔዝ እንደሆነ ልብ በሉ። ስሙን ቆይተን እናነሣዋለን።

እድሜ ምንም አያሳይም እያልኩ አይደለም። ግን እድሜው የት ላይ እንደሚታይ ማወቅ ያስፈልጋል። የደከመ በረኛ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ኳስ ከእጁ መውደቁ አይደለም። ከመስመሩ መውጣት ይተዋል። ድሮ ወጥቶ በቡጢ የሚመታውን ኮርና አሁን ቆሞ ያየዋል። ሁለተኛው ምልክት አነሣሡ ነው። የመጀመሪያውን ኳስ አድኖ ወድቋል፤ ለሁለተኛው ስንት ጊዜ ይፈጅበታል? ልምምድ ላይ ይህን ያየ አሠልጣኝ የልደት ካርዱን አይጠይቅም።

ሦስት ጨዋታ አይቶ መወሰን

ይህኛው ትንሽ ሒሳብ አለው፤ ታገሡኝ።

በኤንኤችኤል አንድ ቡድን በጨዋታ ወደ 30 ምት ይሞከርበታል። ከመቶ ምት 92 የሚያድን አንድ በረኛ፣ 91 የሚያድን ሌላ በረኛ አለን እንበል። በሆኪ ይህች አንድ ነጥብ ትልቅ ልዩነት ናት፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻ ዋንጫ ታስበላለች። በአሥር ጨዋታ ግን ምን ታሳያለች? 300 ምት ላይ አንዱ 24 ጎል ይገባበታል፣ ሌላው 27። ሦስት ጎል ብቻ። የራስ ተጫዋች እግር ነክታ የገባች፣ ብረት መልሶ ያስገባት፣ ሰው ተከልሎበት ያላያት፤ ሦስት ጎል በዕድል ብቻ ይመጣል። ስለዚህ በአሥር ጨዋታ ደካማው በልጦ ሊታይ ይችላል።

በ300 ምት ያልለየነውን በእግር ኳስ እንዴት እንለየዋለን? በእኛ ጨዋታ ኢላማውን ጠብቆ የሚመጣው ኳስ አራት ወይም አምስት ቢሆን ነው። አሥር ጨዋታ ማለት ሃምሳ ኳስ አይሞላም። የሆኪ በረኛ ይህን በሁለት ምሽት ያየዋል። እኛ ደግሞ በሦስት ጨዋታ "ልጁ ጀግና ነው" ወይም "ሽማግሌው ይውጣ" እንላለን።

እዚህ ላይ የሆኪ ታሪክ የሚያውቅ ሰው በረኛውን ኬን ድራይደንን ያነሣብኛል። በ1971 ሞንትሪያል ስድስት የሊግ ጨዋታ ብቻ አጫውቶ ጥሎ ማለፉን በሙሉ ለእሱ ሰጠው። ዋንጫውን በሉ፤ ኮከብም ተባለ። እውነት ነው። ግን ስድስት ያየነው እኛ ነን። ክለቡ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ እያለም፣ ከታች ባለው ሊግ ሲጫወትም ሲከታተለው ነበር። ውሳኔው ከውጭ ሲታይ ድንገተኛ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ረጅም ክትትል ነበረው።

ታዲያ ጎል ካልቆጠርን ምን እንቁጠር? ኳስ ከመመታቱ በፊት የት ቆሞ ነበር? ኮርና ላይ መውጣት ሲገባው ወጣ? ወጥቶስ ደረሰ? ኳሱን ከያዘ በኋላ ለማን ሰጠ? ከሁሉም የምወደው ግን ጎል ከገባበት በኋላ ያሉትን አምስት ደቂቃዎች ማየት ነው። አንገቱን የሚደፋ አለ፣ ተከላካይ ላይ የሚጮህ አለ፣ ኳሱን ከመረብ አውጥቶ ወደ መሀል የሚወረውር አለ። የሰፈር ቡድን አሠልጣኝም ቢሆን አንድ ደብተር ይበቃዋል። ከየጨዋታው በኋላ በዚያው ማታ ይጻፍ። ሳምንት ካለፈ የሚቀረው የደጋፊው ጩኸት ብቻ ነው።

ፊቱ የቆሙትን መርሳት

በረኛ ብቻውን አይመረጥም። ከተከላካዮቹ ጋር ነው የሚመረጠው።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ በረኛው ነበር። የዐፄዎቹ ደጋፊ ስለ ሳማኬ ሲያወራ ያዳናቸውን ኳሶች ነው የሚቆጥረው። እኔ የማነሣው ሌላ ነው። አንድ በረኛ በየሳምንቱ ሲቆም ተከላካዩ ልማዱን ያውቃል። መቼ እንደሚወጣ፣ መቼ መስመሩ ላይ እንደሚቀር ሳይነጋገሩ ይግባባሉ። በረኛ ሲቀየር ይህ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጎሎች ብዙውን ጊዜ የአዲሱ በረኛ ሳይሆኑ የዚህ አለመግባባት ናቸው።

ወጣት በረኛ ላይ ደግሞ የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ልጁ 18 ዓመቱ ነው። ፊቱ የቆመው አምበል ደግሞ ከእሱ አሥር ዓመት ይበልጣል። ከሜዳ ውጭ "ጋሼ" ነው የሚለው። ሜዳ ውስጥ ግን "ውጣ! ግባ! ሰውህን ያዝ!" ብሎ መጮህ አለበት። ጎንደር ላይ ታላቅን ማክበር ተነግሮት ያደገ ልጅ በአንድ ቀን ይህን አይለምደውም። ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ዝም ይላል፤ በዝምታው መሀል ጎል ይገባል። አሠልጣኙም "ይህ ልጅ አይናገርም፣ ገና ነው" ይላል። መፍትሔው ያለው አምበሉ ዘንድ ነው። በልምምድ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ "ጩህብኝ፤ ካልጮህክብኝ እኔ ነኝ የምቆጣህ" ካለው ልጁ ይፈታል።

ሜዳውን ራሱን አትርሱ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ከሩቅ የተመታ ኳስ ከቆላ ይልቅ ፈጥኖ ይደርሳል፤ መታጠፉም ያንሳል። እዚህ ያደገ ወጣት ይህን በደመ ነፍስ ያውቀዋል። ከድሬዳዋ የመጣ ባለ ልምድ በረኛ ግን ጥቂት ሳምንት መልመጃ ሊያስፈልገው ይችላል። በእነዚያ ሳምንታት ከርቀት ለሚገባበት ጎል "አርጅቷል" ማለት ግፍ ነው።

በየስህተቱ መቀያየር

በሆኪ በረኛን በጨዋታ መሀል አውጥቶ እንደገና መመለስ ይቻላል። በእግር ኳስ የወጣ አይመለስም። ይህ የሕግ ልዩነት ብቻ አይደለም፤ በረኛው ልብ ውስጥም ይገባል። ዛሬ ስቶ ነገ ወንበር ላይ የሚቀመጥ በረኛ ከዚያ ወዲያ ለማዳን አይጫወትም፤ ላለመሳሳት ነው የሚጫወተው። ላለመሳሳት የሚጫወት በረኛ ደግሞ ከመስመሩ አይወጣም።

ይህ ማለት ሁለቱን ማፈራረቅ ክልክል ነው ማለት አይደለም። አስቀድሞ የታሰበ ማፈራረቅና በንዴት መቀያየር ይለያያሉ። ቦስተን በ2022/23 ሊነስ ኡልማርክንና ጀረሚ ስዌይማንን እያፈራረቀ 65 ጨዋታ አሸነፈ፤ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ጥሎ ማለፉ ሲመጣ ግን ኡልማርክን ደጋግሞ አቆመው። ከፍሎሪዳ ጋር እስከ ሰባት ጨዋታ በሚሄደው ፍልሚያ ሦስት አሸንፎ አንድ ተሸንፎ እየመራ ቀጣዮቹ ጨዋታዎች ተራ በተራ ሲያመልጡት ለሰባተኛው ጨዋታ ስዌይማንን አስገባ። ተሸንፎ ወጣ። ዓመቱን በሙሉ የሠራለትን ነገር የተወው በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ነበር።

ሪያል ማድሪድን ሁላችንም እናስታውሳለን። በጥር 2013 የካሲያስ እጅ ተሰበረ፤ ክለቡ ዲዬጎ ሎፔዝን አስመጣ። ካሲያስ ሲድን ሞሪኒዮ ቦታውን አልመለሰለትም። አንቼሎቲ ሲመጣ ሥራውን ከፋፈለው፤ ሊጉ ለሎፔዝ፣ ቻምፒየንስ ሊጉና የንጉሡ ዋንጫ ለካሲያስ። ሁለቱንም ዋንጫ በሉ። ሊጉ አመለጣቸው። በሊዝበኑ ፍጻሜ ካሲያስ ያለ ቦታው ወጥቶ በጎዲን ጎል ተቆጠረበት፤ ራሞስ በ93ኛው ደቂቃ ባያድነው ኖሮ ክፍፍሉ ዛሬ የሚነሣው በስድብ ነበር። እኔ ግን እቅዱን አደንቃለሁ። ሁለቱም በረኞች መቼ እንደሚጫወቱ ከመስከረም ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ወጣቱን ወንበር ላይ ማሳደግ

"ከትልቁ እያየ ይማራል" ይባላል። በረኛ እያየ የሚማረው ትንሽ ነው። የሚማረው ጎል እየገባበት ነው።

ጆርዳን ቢኒንግተንን ሴንት ሉዊስ የመረጠው በ2011 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በኤንኤችኤል ቋሚ ሆኖ የቆመው በጥር 2019 ነው፤ 25 ዓመቱ ነበር። በመሀሉ ያሉትን ዓመታት ከታች ባሉ ሊጎች እየተጫወተ ነው ያሳለፋቸው። እንዲያውም አንድ የውድድር ዘመን በውሰት የተጫወተው የቦስተን መጋቢ ቡድን ውስጥ ነበር። በ2019 መጀመሪያ ሴንት ሉዊስ የሊጉ ግርጌ ላይ ነበር። ነባሩ ጄክ አለን አልሆነላቸውም። ቢኒንግተን ገባ፤ በመጀመሪያ ጨዋታው 3 ለ 0 አሸነፉ። ሰኔ ላይ ዋንጫውን በሉ፤ የረቱትም ራሱን ቦስተንን ነው። በእግር ኳስ ኩርቱዋም እንዲሁ ነው። ቼልሲ ገዝቶ ሦስት ዓመት ለአትሌቲኮ አዋሰው። ሲመለስ የፒተር ቼክን ቦታ ለመቀበል የሚያስፈልገውን ጨዋታ ሁሉ ተጫውቶ ነበር።

የእኛ ቡድኖች ይህን ሲያደርጉ ብዙም አላይም። ወጣቱ በረኛ ለትልቁ ቡድን ይፈርማል፣ ማልያ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዓመቱን በሙሉ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዝቅ ብሎ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባለው ከፍተኛ ሊግ ቢጫወት፣ ክረምት ላይ ጭቃ ሜዳ ላይ ኳስ እየሾለከችበት ቢለምድ ይሻለዋል። ቤተሰቡ "ወረደ" ብሎ እንዳያዝን ለአባቱም ለእናቱም ማስረዳት የአሠልጣኙ ሥራ ነው።

ሳይነግሩ መወሰን

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

የሆኪው ቫንኩቨር ሮቤርቶ ሉዎንጎ የሚባል ባለ ረጅም ውል ነባር፣ ኮሪ ሽናይደር የሚባል ጎበዝ ወጣት ነበረው። በ2012 ጥሎ ማለፍ ወጣቱ ቦታውን ወሰደ። ሰው ሁሉ ሉዎንጎ ይሸጣል ሲል ክለቡ አንድ ዓመት አንጠልጥሎ አቆየውና በ2013 ሽናይደርን ሸጠ። ሉዎንጎም "እሺ፣ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ" ብሎ ተመለሰ። በመጋቢት 2014 ቫንኩቨር ስታዲየም ውስጥ ትልቅ የበዓል ጨዋታ ተዘጋጀ፤ አሠልጣኙ ሌላ በረኛ አቆመ። በቀናት ውስጥ ሉዎንጎም ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። ሁለት ምርጥ በረኛ የነበረው ክለብ ዓመት ሳይሞላ ሁለቱንም አጣ። ያጡት ደግሞ በችሎታ ጉድለት አይደለም።

ፒትስበርግን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ማርክ አንድሬ ፍለሪ ለዓመታት የቡድኑ በረኛ ነበር። በ2016 ሲጎዳ ማት መሪ የሚባል ልጅ ገብቶ ዋንጫ በላ። በ2017 ጥሎ ማለፍ መሪ በማሟሟቂያ ላይ ተጎዳ፤ ፍለሪ ገብቶ ሁለት ዙር አሳለፋቸው። ከኦታዋ ጋር አራት ጎል ሲገባበት መሪ ተመለሰና ዋንጫውን ጨረሰ። ፍለሪ ዋንጫውን በረዶው ላይ ተቀብሎ በገዛ እጁ ለመሪ ሰጠው። በዚያው ሰኔ ላስ ቬጋስ የተባለ አዲስ ክለብ ሲቋቋም ከነባሮቹ ክለቦች ተጫዋች ይወስድ ነበር፤ እያንዳንዱ ክለብ እንዳይወሰድበት ማስቀረት የሚችለው አንድ በረኛ ብቻ ነበር። ፍለሪ ከወራት በፊት ተጠይቆ፣ በውሉ ያለውን ያለፈቃዱ ያለመዛወር መብት ትቶ ለመሄድ ተስማምቶ ነበር። በክብር ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ላስ ቬጋስን ለፍጻሜ አደረሰ፤ በ2021 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ። መሪን ግን ጉዳት እየደጋገመበት በ2020 ፒትስበርግ አሳልፎ ሰጠው። ማን ነበር ያረጀው?

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ከጨዋታው በፊት ባለው ቀን፣ ለብቻ፣ ቁጭ ተብሎ ይነገር። ለነባሩ "ነገ ልጁ ይቆማል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አንተ ደግሞ በእነዚህ ጨዋታዎች ትቆማለህ" ይባል። ለወጣቱም "አንድ ጎል ገብቶብህ አላወጣህም" ይባል። የግብ ጠባቂ አሠልጣኙም እዚያው ይኑር። ሁለቱን በየቀኑ የሚያገኛቸው እሱ ነው፤ ወሬው በሌላ በኩል ከመጣ የሚከፋቸው በእሱ ነው። ስም ዝርዝሩን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፎ መሄድ፣ ከዚያም ብሶ ነባሩ ዜናውን ከፌስቡክ እንዲሰማ ማድረግ፣ ሰውየውን ከቡድኑ ይነጥለዋል። ነባር በረኛ ሲከፋው ደግሞ ብቻውን አይከፋም። የልብ ጓደኞቹ ሁሉ ተከላካዮች ናቸው።

ሦስተኛውን መርሳት

ሁለቱን ስናማርጥ ሦስተኛው ይረሳል። በጥር 2005 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱበት ውድድር ላይ ምን ሆነ? ከዛምቢያ ጋር ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ገባ፤ በአዳነ ግርማ ጎል 1 ለ 1 ወጣን። ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫ ቆመ። እሱም መጨረሻ ላይ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር የቪክቶር ሞሰስን ፔናሊቲ ለመያዝ ጓንት ያጠለቀው አማካዩ አዲስ ህንፃ ነበር። ጎል ሆነ። በእሱ ላይ የሚፈርድ የለም።

ስለዚህ ሦስተኛው በረኛ በየሳምንቱ ከሁለቱ ጋር እኩል ይለማመድ፤ የወዳጅነት ጨዋታ ሲገኝ ሙሉ አጋማሽ ይሰጠው። ከሜዳ ተጫዋቾች መሀልም ረጅሙን፣ እጁ የማይፈራውን አንዱን ምረጡና አልፎ አልፎ ፔናሊቲ ይመታበት። የሚበዛው ሳቅ ነው፣ ችግር የለውም፤ እግረ መንገዱንም የትኛው ጓንት እንደሚልከው ይታወቃል።